ፊት የሌላት ጣውንት

ኬትኪ የማማውን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ግቢ የገባች ዕለት፣ «ዳዲ» ብላ የምትጠራት ሴት አያቷ ፉልመቲ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ቁልፉን ገና ከበሩ አየችው። ዝገቱን፣ የዶሮ እግር የሚመስለውን ጫፉን ለየችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በባሏ ወገብ ላይ ሲንቀጨቀጭ የሰማችውን ቁልፍ እንዴት አታውቀው!

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ከማዘጋጃ ቤት ነዋ። ሰዓቱ መቶ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዓል ይደረጋል። ከዚያ በፊት አስነሺው አሉኝ። ታሪኩንም ጽፈሽ በዕለቱ ታነቢያለሽ ተባልኩ።»

«ከከተማው ሰው ሁሉ አንቺ ብቻ ታየሻቸው?»

«ዳዲ፣ የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማ ይዞ፣ ሰዓቱን ይሞላ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ የሆነ ሌላ ማን አለ?»

ፉልመቲ ጎንበስ ብላ ልቀማዋን ቀጠለች። ኬትኪ ልብሷን ቀይራ ስትመለስ፣ አያቷ ምስሩን እየወረወረች ጠጠሩን ስታስቀር አገኘቻት።

በሃርጋንጅ ከተማ ሰው ሁሉ «ሰዓቱ» ይለዋል። ፉልመቲ ግን «ያቺ» ነበር የምትለው። ያቺ አማቷን ወሰደች፤ ሰውዬው ሰማንያ አራቱን ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ሳንባው አለቀ። ያቺ ባሏን ወሰደች፤ የሞተው በአልጋው ቢሆንም የመጨረሻ ጥያቄው «ዛሬ ሐሙስ ነው?» የሚል ነበር። እሱ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ያቺም ከቆመች አሥራ ሁለት ዓመት። ፉልመቲ በነዚያ ዓመታት ውስጥ፣ ለማንም አትንገሩብኝ እንጂ፣ ሰላም አግኝታ ነበር። ጣውንቷ ዝም ብላለች። አሁን ደግሞ ልጅቷን ልትወስድባት ነው። ልጅቷን! እናትና አባቷ ሱራት ከተማ ሄደው የጨርቅ ፋብሪካ ከገቡ ጀምሮ በትኩሳት በሳል ተሸክማ፣ ከደጅ ስትዘገይ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ያሳደገቻትን ኬትኪን።

በዚያ ላይ የሚያንገበግባት ነገር ነበር። ያቺ ለፉልመቲ ፊቷን እንኳ አሳይታት አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ማማውን ሲያሠሩ ከየሰፈሩ መዋጮ ሰብስበዋል። የሸማኔዎች ሰፈር ግን «እኛ ፀሐይ አይተን ነው የምንሠራው፣ ሰዓት ምን ያደርግልናል?» ብሎ አልሰጥም አለ። ያን ጊዜ የነበረው የእንግሊዝ ሹም ተናደደና ማማው በሦስት ጎኑ ብቻ ፊት ይኑረው ብሎ አዘዘ። አንዱ ወደ ሹማምንቱ ቤት፣ አንዱ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ አንዱ ወደ እህል ገበያው። በሸማኔዎቹ በኩል ባዶ ጡብ። እንግሊዞቹ ከሄዱ በኋላ የሰፈሩ ሰው መሰላል አቁሞ በኖራ ክብ ሥሎበት፣ ዘንጎቹን አሥር ሰዓት ላይ፣ በሻይ ሰዓት፣ አቆማቸው። ዝናብ ሲያጥበው በዓመት አንዴ ይቀቡታል። በዚያ ሰፈር ሁልጊዜ የሻይ ሰዓት ነው።

የሚገርመው፣ ሰዓቱን የሞላው የዚሁ ፊት የተነፈገው ሰፈር ሰው መሆኑ ነው። ከሰዓቱ ጋር የመጣው እንግሊዛዊ በወባ በዓመቱ ሞተ። ጥርሳም ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኘው የሽመና ዕቃ ጠጋኝ የነበረው የሃርሱክ አያት ነው። ከእሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ሃርሱክ፣ ወደ ፉልመቲ ባል። ሐሙስ ሐሙስ ይወጣሉ፣ ክንድ የሚያህለውን የብረት እጀታ ሰክተው መቶ ሃምሳ ጊዜ ያዞራሉ፣ ይወርዳሉ።

ፉልመቲ ስታገባ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ማንበብ ትችላለች፣ በዚህም ትኮራለች። መሸፈኛዋን ገልጠው ፊቷን ባዩ ጊዜ አማቷ የፊት ማያ ብላ ወፍራም የብር ሩፒ በእጇ አስጨበጠቻት፤ በአንዱ በኩል የእንግሊዝ ንጉሥ ራስ ያለበት። ሌላው ዘመድ የሰጠው ጨርቅና ማበጠሪያ ነው። ይህ ግን ብር ነበር። በሳሪዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በየጊዜው በጣቷ እየዳሰሰች አስቀመጠችው። ይህ የፊቴ ዋጋ ነው ትላለች በልቧ።

በጋው ሲመጣ፣ ገና ባገባች በሦስተኛው ወር፣ ሃርሱክ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«ያን ብርሽን ለአንድ ሳምንት አውሺኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ፔንዱለሟ ላይ ላስቀምጠው ነው። ሙቀት ሲሆን ታዘግማለች። የመዳብ ሳንቲም ብደራርብ ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ያንቺ ብር ክብደቱ ልክ ይመስለኛል።»

ሰጠችው። አዲስ ሙሽራ ባሏን እምቢ ትላለች? ሳምንቱ ወር ሆነ። ስትጠይቀው «ዝናቡ ይምጣ» አለ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው በጋ ሲገባ እንደገና ጠየቀችው።

«አሁን እንኳ አይሆንም» አለ ሃርሱክ፣ የሮቲ ቂጣውን በምስር ወጥ እያጠቀሰ። «ባነሳባት ትታመማለች።»

ትታመማለች! ፉልመቲ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ፅንሷ ወርዶባት ከአልጋ ከተነሳች ሳምንት አልሞላትም። ትታመማለች አላት። የፊቷን ዋጋ ወስዶ፣ ፊቷን ላላሳየቻት ሰጣት።

በዚያው ረቡዕ ሃርሱክ እጀታውን ዘይት ሊቀባው ወደ ቤት አምጥቶ ነበር። እሱ ወንዝ ሊታጠብ ሲወርድ ፉልመቲ እጀታውን በሠርጓ መሸፈኛ ጠቀለለችው፤ ከሩዙ ጋን ግርጌ ቀበረችው፤ ሩዙን መልሳ ሞላችበት። ሲፈልግ ሲያስፈልግ «እኔ ምን አውቄ» አለች። ሰዓቱ ቅዳሜ ዕለት ቆመ። ዘጠኝ ቀን ቆመ። ባቡር ያመለጠው፣ ትምህርት ቤት የዘገየው ሁሉ እየመጣ በራቸው ላይ ይጮህ ነበር። በመጨረሻ ሃርሱክ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ሌላ እጀታ አሠራ። ያም አፉ በደንብ አልገጠመም፤ በመጀመሪያው ቀን ከክብደቱ ጋር ተንሸራቶ ወደ ኋላ ተሽከረከረና የቀኝ ሌባ ጣቱን ሰበረው።

አንድ ወር በእጇ አጎረሰችው። ለማን ይነገራል? ያ ወር ከትዳሯ ሁሉ የጣፈጣት ወር ነው። ሌላ ሰው እየወጣ ይሞላ ነበር፤ ሃርሱክ ግን እቤት፣ ከእሷ ጋር። ከዚያም ጣቱ ቆልመም ብሎ ዳነ። እጀታውን አውጥታ «ይኸውልህ» ለማለት ፊት አጣች። ዓመቱ ሄደ፣ ዓመታቱ ሄዱ። ሩዝ ባለቀ ቁጥር ብረቱን በሰናፍጭ ዘይት እየጠረገች መልሳ ትቀብረዋለች። አርባ ስድስት ዓመት።

አሁን ደግሞ ኬትኪ ስለ ያቺ ከማውራት ሌላ ሥራ አጣች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ታወራለች።

«ዳዲ፣ ደወሉ በጀልባ ሲመጣ ወንዙ አሸዋ ላይ አስቀርቶት፣ ዝናብ እስኪመጣ ሦስት ወር እዚያው እንደተኛ ታውቂያለሽ? ሰው እየሄደ በዱላ ይደውለው ነበር አሉ።»

«ምነው እዚያው በቀረ።»

«ዳዲ!»

«ምን ዳዲ? ጠጪ ሻይሽን። አንቺ ላይ አጥንት ብቻ ነው የቀረው። ደረጃውስ፣ መደገፊያ አለው?»

«በግማሹ አለው።»

«በግማሹ!» ፉልመቲ ደረቷን ያዘች። «ሌላውን ግማሽ በምን ትወጪዋለሽ፣ በክንፍሽ?»

ኬትኪ ሳቀች። ከዚያም ደብተሯን ገለጠች። «ደግሞ ላይኛው ክፍል ግድግዳው በሙሉ በእርሳስ ተጽፎበታል። ዳዳ ናቸው፣ ባልሽ። ሐሙስ ሐሙስ ይጽፉ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቀደመች፣ ስንት እንደዘገየች፣ አየሩ እንዴት እንደነበር። እሱን ነው እየገለበጥኩ ያለሁት።»

ፉልመቲ እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ይህን አታውቅም ነበር። እቤት ሲገባ «እህ» እና «እንጃ» ብቻ ይዞ የሚገባ ሰው፣ እዚያ ላይ ይጽፍላት ነበር! ለእሷ፣ ለሚስቱ፣ በሕይወት ዘመኑ አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም። ማንበብ እንደምትችልም የረሳው ይመስላት ነበር።

«ሙሉ ስማቸውን ንገሪኝ እስቲ፣ እንዳልሳሳት» አለች ኬትኪ፣ በተንኮል።

«ታውቂዋለሽ፣ ጻፊው። የባሌን ስም በአፌ አታስጠሪኝም።»

«ሞተዋል እኮ ዳዲ።»

«ቢሞትስ? ባልነቱ ቀረ?»

ልጅቷ የጻፈችውን ታነብላት ጀመር። የእንግሊዙ ሹም አለ፣ ደወሉ አለ፣ ሦስቱ ሰዓት ሞዮች አሉ፣ በአንድ ዓመት ሰዓቱ ላይ ጎጆ የሠሩት እርግቦች እንኳ ሙሉ ገጽ አላቸው። ፉልመቲ ጆሮዋን አቁማ ስሟን ጠበቀች። የለም። እርግብ አለ፣ እሷ የለችም። ከዚያ ኬትኪ ድምጿን ለስለስ አድርጋ አነበበች። «በዚያ ዓመት በጋ ሰዓቱ ለዘጠኝ ቀን ቆመ። የመጀመሪያው እጀታ ስለጠፋ ነው።» ቀና አለችና፣ «የት እንደገባ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ፉልመቲ። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ያለችውን ራሱን።

ኬትኪ ደብተሯን አጠፈች። ሌላ አልጠየቀችም።

የሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከማማው ሥር የሚታኘክ የቤተል ቅጠል የምትሸጠው ራምካሊ እየተንጠራወዘች መጣች። ይቺ ሴት የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከባለቤቱ ቀድማ የምታውቅ ናት።

«ዲዲ፣ እህቴ! ያቺ ኢንጂነርሽ እጇን እንደ ሙዝ አሳብጣ ስትወርድ አየሁ። እኔን ባልሽን አስታወሰችኝ፣ በፈጣሪ! ያው እሳቸውም በዚያ ሰሞን እንዲህ ጣታቸውን ጨብጠው ነበር የወረዱት። አንቺም ያን ሰሞን ምን ቅቤ ጠጥተሽ ነበር፣ ወፍረሽ አልነበር?»

«አንቺ ቅጠልሽን ሽጪ!» ብላ ፉልመቲ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

ኬትኪ ገባች። የግራ እጇ አንጓ አብጦ ጠቁሯል። «ምንም አይደል። እጀታው አፉ ተበልቷል፣ ሲሸከም ይንሸራተታል። ነገ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባዋለሁ። በዓሉ እሑድ ነው፣ ሌላ ለማሠራት ጊዜ የለም።»

«አትወጪም።»

«እወጣለሁ፣ ዳዲ።»

«እጅሽን ሰብሮት ቢሆንስ? ፊትሽን ቢመታሽስ? ዓይንሽን? ማን ያገባሻል? ማንም አያግባሽ፣ ግን ዓይንሽ! ያቺ ሰው በላ ናት። እኔ አውቃታለሁ። መጀመሪያ ጣት ነው የምትወስደው፣ ከዚያ—»

«ሰዓት ናት፣ ዳዲ። ብረት ናት። የምትሰብረው ትክክለኛውን እጀታ ስላጣች ነው።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ወቀሳ ሳይኖርበት ነው፤ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ላይ እየጠመጠመች። ፉልመቲ ግን ከዚያ በኋላ የሚበላም የሚጠጣም አልወርድ አላት። ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረች። ብትሰጣት፣ ያቺ ትነሳለች፤ ተነሳች ማለት ልጅቷ የሷ ናት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ እስክትሸብት። ባትሰጣት፣ ያው የአንጥረኛው እጀታ ነው። የሃርሱክን ቆልማማ ጣት አሰበች። ሮቲ ሲቆርስ እንኳ ያስቸግረው ነበር። ያንን የሰበረችው ያቺ አይደለችም። ሩዙ ጋን ውስጥ ያለው ነው፤ እዚያ ያስቀመጠው ደግሞ—

ሲነጋ ኬትኪ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ፉልመቲ የግቢውን በር ቀረቀረች። ምንጣፍ አነጠፈችና ጋኑን ዘነበለችው። ሩዙ ፈሰሰ፣ ምንጣፉን አልፎ ወለሉን ሞላ። ድንቢጦች ከጣራው ወርደው ከበቧት። በመጨረሻ ጥቅሉ ዱብ አለ።

በሕይወቷ ወደ ማማው ገብታ አታውቅም። ጥቅሉን በደረቷ አቅፋ ገበያውን ስታቋርጥ ራምካሊ ከሱቋ አንገቷን አሰገገች።

«ዲዲ፣ ምን አቅፈሽ ነው? ሕፃን ነው እንዴ?»

«የጣውንቴን ክንድ» አለች ፉልመቲ፣ ሳትቆም።

ደረጃው ጠባብ ነው፣ የእርግብ ኩስ ይሸታል። ሃያው ላይ አረፈች። አርባው ላይ ተቀመጠች፣ ወገቧን ያዘች፣ የእንግሊዝን ዘር ሁሉ ረገመች። ከዚያ በላይ መደገፊያው አለቀ፤ በዳሌዋ ግድግዳውን እየታከከች፣ በአንድ እጇ ከፊት ያለውን ደረጃ እየቧጠጠች ወጣች። ከላይ የብረት ድምፅ ሰማች።

«አቁሚ! እንዳታስገቢው!»

ኬትኪ የአንጥረኛውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልላ ልትሰካው ጎንበስ ብላ ነበር። ዞረች። አያቷን አየች፣ በደረቷ ያቀፈችውን የደበዘዘ ቀይ የሠርግ ጨርቅ አየች። አልደነገጠችም።

«ሩዙ ውስጥ ነበር፣ አይደል?»

ፉልመቲ ጥቅሉን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ማን ነገረሽ?»

ኬትኪ በጣቷ ግድግዳውን አሳየቻት። ኖራው ላይ የሃርሱክ ጽሕፈት፣ ትንሽና ቀጥ ያለ፣ መስመር በመስመር ወርዷል። ፉልመቲ ቀረበች። መነጽሯን አላመጣችም፤ አፍንጫዋ ግድግዳውን እስኪነካ ተጠጋች።

*ሐሙስ። እጀታው የለም። አልሞላሁም።*

*ቅዳሜ። ቆመች። እቤት የሩዙ ጋን ሳንቀሳቅሰው ከብዶኛል። አልጠየቅኩም። ብሩን ነው የፈለገችው፣ ልክ ናት።*

*ሌላ አሠራሁ። ጣቴ ተሰበረ።*

*ዛሬ አጎረሰችኝ። ሳቀች። እጀታው እዚያው ይቆይ።*

ፉልመቲ ደጋግማ አነበበችው። ያውቅ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከዚያ ጋን ሩዝ ሲበላ ያውቅ ነበር። ኬትኪ አያቷ የምታለቅስ መስሏት ክንዷን ያዘች። ፉልመቲ ግን ፊቷ ቀልቶ ዞረች።

«ለእሷ ነገራት!» አለች። «ይሄን ሁሉ! ለኔ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ሳይል፣ እዚህ መጥቶ ለእሷ ይነግራታል!»

«ዳዲ፣ ግድግዳ ነው እኮ—»

«አንቺስ? አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽኝ!»

«ዳዳ አልጠየቁሽም። እኔም ልጠብቅ አልኩ። ዛሬ ባይሳካልኝ ግን እጠይቅሽ ነበር፣ እጄ በጣም ያመኛል።»

ይህን ስትሰማ ፉልመቲ ቁጣዋን ረሳችው። ጥቅሉን ፈታች፣ እጀታውን ሰጠቻት። ኬትኪ ሰካችው፤ ቀጥ ብሎ ገባ፣ እንደ ቁልፍ። አንድ ሁለቴ በደህናው እጇ አዞረችው። ዝንፍ አላለም።

ፉልመቲ በዚያ መሃል ፔንዱለሙ ላይ ተንጠራርታ ታይ ነበር። አቧራና ዘይት የጠጣ የመዳብ ሳንቲም ክምር፣ ከላዩ ሰፊው ብር። በአውራ ጣቷ ጠረገችው። የንጉሡ ራስ ወጣ። አነሳችው፤ በሳሪዋ ጫፍ ልትቋጥረው ጀመረች። ጣቶቿ ቋጠሮውን አልረሱትም።

«ውሰጂው» አለች ኬትኪ። «ያንቺ ነው።»

«ታዲያ ያቺስ?»

«ትንሽ ታዘግማለች። በቀን አራት አምስት ሰከንድ።»

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ልኩን ክብደት እስካገኝ በየቀኑ ጠዋት ማታ እየወጣሁ አስተካክላታለሁ።»

የፉልመቲ እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። በየቀኑ! ጠዋት ማታ! ያን ደረጃ፣ ያን መደገፊያ የሌለውን ደረጃ! ቋጠሮውን ፈታችው። ብሩን ወደነበረበት መለሰች፣ የንጉሡን ራስ ወደ ታች ገልብጣ፣ እንዳይንቀሳቀስ በጣቷ ጫን አድርጋ።

«ሐሙስ ሐሙስ» አለች፣ ለኬትኪ ይሁን ለሌላዋ ሳይታወቅ። «አንድ ሰዓት ብቻ። ለራት እቤት።»

ኬትኪ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና መሙላት ጀመረች። ክብደቶቹ እየተንቋቁ ወደ ላይ ተጎተቱ። ፉልመቲ ከጎኗ ቆማ ታዳምጣለች፤ ልጅቷን ላብ በመጣባት ቁጥር በሳሪዋ ጫፍ ግንባሯን ትጠርግላታለች፣ ትከሻዋን ትይዛለች፣ «ቀስ በይ» ትላለች። መቶ ሃምሳ ሲሞላ ኬትኪ ፔንዱለሙን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ሄደ። ተመለሰ። ሄደ።

«ደግሞ ያን ታሪክሽን አርሚው» አለች ፉልመቲ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ በእግሯ እየፈለገች። «እጀታው ጠፋ አትበይ። ዘጠኝ ቀን ያቆመቻት ፉልመቲ ናት በይ። ከእርግቦቹ በፊት ይግባ።»